መብራት ከጠፋ በኋላ ማይኤስኪውኤል አልነሳ አለኝ፤ የእድራችን መዝገብ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው

ቡና_እና_ኮድ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ። በጣም ጨንቆኛል፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የሰፈራችንን እድር መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እያስገባሁ ነው። 312 አባወራ አለ። እስከዛሬ ሁሉም ነገር በትልቅ ደብተር ነበር የሚያዘው። እናቴ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናት። እሷ ከደብተሩ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የአባወራው ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ሁሉም ገብቷል። ዊንዶውስ 10 ላይ ዛምፕ (ዌብ ሰርቨሩን አፓቺን እና ዳታቤዙን ማይኤስኪውኤልን አብሮ የሚጭን ጥቅል) ጭኜ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ነው የሠራሁት።

ትናንት ማታ እየጻፍን ሳለ መብራት ሄደ። ዴስክቶፕ ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) የለንም። ዛሬ ዛምፕን ከፍቼ ስታርት ስለው አፓቺ አረንጓዴ ይሆናል። ማይኤስኪውኤል ግን ሁለት ሰከንድ ያህል ይሞክርና ይጠፋል። ከታች በቀይ «ማይኤስኪውኤል ሳይታሰብ ተዘጋ» ይላል። ምክንያቱ የተያዘ ፖርት (ፕሮግራሙ የሚገናኝበት ቁጥር)፣ የጎደለ ፋይል፣ የፈቃድ ችግር ወይም ብልሽት ሊሆን እንደሚችል ይደረድራል። የትኛው እንደሆነ ግን አይነግረኝም።

ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አደረግኩ። ዛምፕን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፈትኩ። ለውጥ የለም። ባክአፕ አልያዝኩም። እናቴ «ደብተሩ አለ አይደል፣ እንደገና እንጽፈዋለን» ትለኛለች። ዓይኗ እስኪደክም ነው ያነበበችልኝ፤ እንደገና አንብቢልኝ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ፒያሳ_ኮደር (ሰኞ፣ ማታ 2፡58)

አይዞሽ፣ ቀላል ነው። ሲ ድራይቭ፣ ዛምፕ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ዳታ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቢ። አይቢዳታ1 የሚባለውን እና ሁለቱን አይቢ ሎግፋይል ሰርዢያቸው። ስታርት ስትዪው ራሱ አዲስ ይሠራል። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፤ ወዲያው ይነሳል።

ሰርቨር_ጠባቂ (ሰኞ፣ ማታ 3፡05)

እህቴ፣ ምንም ፋይል አትሰርዢ! ሰርዘሽ ከሆነም ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንዳለ ተዪውና ንገሪኝ።

ፒያሳ_ኮደር ያለው ነገር ማይኤስኪውኤልን ያስነሳዋል፤ እውነት ነው። ባዶ የሙከራ ዳታቤዝ ከሆነ ምንም አይደል። የ312 ሰው መዝገብ ላለበት ግን አይሆንም። ምክንያቱን በእድር ቋንቋ ላስረዳሽ።

አይቢዳታ1 የእድሩ ጸሐፊ ማውጫ ነው። የትኛው ሠንጠረዥ የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት አምድ እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነው። የሠንጠረዦችሽ ፋይሎች ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብለው ቢታዩም፣ ማውጫው ከጠፋ ሰርቨሩ አያውቃቸውም። ፒኤችፒ ማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የምታዪበት ገጽ) ላይ ስማቸውን ታያለሽ፤ ስትከፍቻቸው ግን ስህተት 1932 ይመጣል። ሠንጠረዡ በኤንጂኑ (መረጃውን በሚያስቀምጠው የሰርቨሩ ክፍል) ውስጥ የለም ማለት ነው።

አይቢ ሎግፋይል ደግሞ ሌላ ነው። እናትሽ መዋጮ ስትቀበል መጀመሪያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ማስታወሻ ይዛ፣ ኋላ ተረጋግታ ወደ ደብተሩ ትገለብጥ ይሆናል። ሠንጠረዦችሽን የሚይዘው ኤንጂን፣ ኢኖዲቢም፣ እንዲሁ ነው የሚሠራው። ለውጡን መጀመሪያ ሎጉ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ወደ ዋናው ፋይል ያስተላልፋል። መብራት ሲጠፋ ያልተገለበጠ ነገር ካለ እዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ሰርቨሩ ሲነሳ አንብቦት ይጨርሰዋል። ወረቀቱን ከጣልሽው ግን የትናንቱ ሥራ አብሮ ይጣላል።

አሁን ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ ዛምፕን ዝጊና ያንን ዳታ ፎልደር በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ድራይቭ ኮፒ አድርጊው። ከዚህ በኋላ ብንሳሳትም መመለሻ አለን። ቀጥሎ ከዛምፕ ኮንትሮል ፓነል ላይ በማይኤስኪውኤል መስመር «ሎግስ» የሚለውን ተጫኚ፤ የስህተት ሎጉን ይከፍትልሻል። የመጨረሻዎቹን ሃያ መስመሮች ወደዚህ አምጪልኝ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ምን እንደሚል በአማርኛ ንገሪኝ፤ እረዳዋለሁ።

ፒያሳ_ኮደር (ሰኞ፣ ማታ 3፡11)

ልክ ነህ ወንድሜ። እኔ ሁልጊዜ ለልምምድ የማደርጋቸው ናቸው፤ ከኮድ ደግሜ ስለምፈጥራቸው ጠፍቶብኝ አያውቅም። የእሷ ግን የሰው ስም ነው። ቡና፣ ያልኩሽን አታድርጊ፤ ይቅርታ።

ቡና_እና_ኮድ (ሰኞ፣ ማታ 3፡34)

ተመስገን፣ አልሰረዝኩም። ልሰርዝ ስል ነው መልእክትዎን ያየሁት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ኮፒ አድርጌያለሁ፤ ፍላሹ ላይ 190 ሜጋባይት ሆነ። ሎጉ ላይ ስለ ኢኖዲቢ ብዙ መስመር አለ፤ ከብልሽት እያገገመ እንደነበር ይናገራል። እዚያ ላይ ስህተት አላየሁም። ከዚያ በኋላ ግን «የአሪያ ማገገም አልተሳካም፤ በሁሉም የአሪያ ሠንጠረዦች ላይ አሪያ_ሲኤችኬ አስኪድ፣ የአሪያ_ሎግ ፋይሎችንም ሰርዝ» ይላል። ቀጥሎ «ፕለጊን አሪያ ሊነሳ አልቻለም» የሚል አለ፤ መጨረሻው «እየተዘጋ ነው» ነው።

አሪያ ምንድን ነው? እኔ የፈጠርኩት ሠንጠረዥ ሁሉ ኢኖዲቢ ነው።

ሰርቨር_ጠባቂ (ሰኞ፣ ማታ 3፡52)

እፎይ! ይሄ ደስ የሚል ዜና ነው። ልንገርሽ።

ዛምፕ ማይኤስኪውኤል ብሎ ይጻፍ እንጂ ከ2015 ጀምሮ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ነው። ማሪያዲቢ የራሱን የቤት ዕቃ፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን ስም፣ ፈቃድና የመሳሰሉትን የሚያስቀምጠው አሪያ በሚባል ሌላ ኤንጂን ነው። የአንቺ መዝገብ ኢኖዲቢ ላይ ነው። በሎጉ መሠረት ኢኖዲቢ ራሱን አገግሟል። የወደቀው አሪያ ነው። አሪያ ካልተነሳ ደግሞ ሰርቨሩ አይነሳም። ሳሎኑ ደህና ነው፤ የተሰበረው የበሩ ቁልፍ ነው ብለሽ አስቢው።

አሁን ዳታ ፎልደር ውስጥ ስማቸው በአሪያ_ሎግ የሚጀምሩ ፋይሎችን ፈልጊ። አንደኛው አሪያ_ሎግ_ኮንትሮል ነው። ሌላኛው አሪያ_ሎግ ብሎ ነጥብ አድርጎ 00000001 የሚል ነው። አትሰርዣቸው፤ ቆርጠሽ ዴስክቶፕ ላይ በአዲስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጫቸው። ከዚያ ስታርት በዪውና የሚለውን ንገሪኝ። ሌላ ማንኛውንም ፋይል አትንኪ።

አዲስ_ጀማሪ (ሰኞ፣ ማታ 4፡02)

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ይነሳል፣ አፓቺ አይነሳም። ፖርት 80 ተይዟል ይላል። ፒአይዲ (የፕሮግራሙ መለያ ቁጥር) 4 ይለኛል። ታስክ ማናጀር ላይ ሳየው ሲስተም ነው፤ መዝጋትም አይፈቅድም። ቫይረስ ነው?

ፒያሳ_ኮደር (ሰኞ፣ ማታ 4፡15)

ይሄኛውን እኔ ልመልስ፣ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ቫይረስ አይደለም ወንድሜ። ፒአይዲ 4 የዊንዶውስ የራሱ ክፍል ነው። ፖርት 80ን ብዙ ጊዜ የሚያስይዘው አይአይኤስ ነው፤ የዊንዶውስ የራሱ ዌብ ሰርቨር። በዊንዶውስ ፊቸርስ በኩል አንድ ቀን አብርተኸው ረስተኸው ሊሆን ይችላል። ሰርቪስስ የሚለውን ክፈትና «ወርልድ ዋይድ ዌብ ፐብሊሺንግ ሰርቪስ» የሚለውን ፈልግ። ስቶፕ በለው፤ ስታርትአፕ ታይፑን ማኑዋል አድርገው። ከዚያ አፓቺን ሞክር።

እሱ ከሌለ ወይም ለሌላ ሥራ የምትፈልገው ከሆነ ግን አትታገለው። አፓቺን ወደ 8080 አዙረው። በኮንፊግ በኩል የአፓቺን ኤችቲቲፒዲ ኮንፍ ፋይል ክፈት። «ሊስን 80» የሚለውን 8080 አድርግ። ትንሽ ወረድ ብሎ «ሰርቨርኔም ሎካልሆስት» ከሚለው ጎን ያለውንም 80 እንደዚሁ። ሴቭ አድርገህ አስነሳው። ከዚያ ወዲያ ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት ብለህ ሁለት ነጥብና 8080 መጨመር አትርሳ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ አፓቺ ተነስቶ እያለ «ገጹ አይከፈትም» ይላል።

ፖርቱን ማን እንደያዘው ለማየት ትእዛዝ መስጫው ላይ ኔትስታት ብለህ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ኤ፣ ኤን፣ ኦ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘህ ጻፍ። የመጨረሻው አምድ ፒአይዲ ነው። ኮንትሮል ፓነሉ ላይ «ኔትስታት» የሚል ቁልፍም አለ።

ቡና_እና_ኮድ (ሰኞ፣ ማታ 4፡20)

ጋሼ፣ አንድ ደረጃ አልፏል መሰለኝ፤ ግን አሁንም አልተነሳም። የአሪያ ማገገም የሚለው ስህተት ጠፋ። አሁን «የፈቃድ ሠንጠረዦችን መክፈትና መቆለፍ አልተቻለም፤ የዲቢ ሠንጠረዥ ማውጫ ተበላሽቷል፣ ለመጠገን ሞክር» ይላል። ሰዓቱም ሄዷል፤ ከደከመዎት ነገ መቀጠል እንችላለን።

ሰርቨር_ጠባቂ (ሰኞ፣ ማታ 4፡31)

እንጨርሰው። አንቺም እንቅልፍ አይወስድሽም።

ዲቢ የሚባለው ከእነዚያ የአሪያ የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። የትኛው ተጠቃሚ የትኛውን ዳታቤዝ መክፈት እንደሚችል የሚጻፍበት ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። የአንቺ መዝገብ የለበትም።

ማይኤስኪውኤል መዘጋቱን አረጋግጪ። እየሠራ ባለ ሰርቨር ላይ አሪያ_ሲኤችኬ የሚባለውን መጠገኛ መሣሪያ ማስኬድ ራሱ ያበላሻል። ከዛምፕ ኮንትሮል ፓነል «ሼል» የሚለውን ተጫኚ። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት አሪያ_ሲኤችኬ ብለሽ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ አር፣ ክፍተት፣ ከዚያ የሠንጠረዡን መንገድ ጻፊ። መንገዱ ከሲ ድራይቭ ጀምሮ ዛምፕ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ዳታ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ዲቢ ነው። ማይኤስኪውኤል ሁለት ጊዜ መምጣቱ ስህተት አይደለም፤ ሁለተኛው ዳታ ውስጥ ያለ ፎልደር ነው። ሲጨርስ ስታርት በዪው።

ካልሠራ ሁለተኛ መንገድ አለ። ዛምፕ ሲጫን «ባክአፕ» የሚባል ፎልደር ከዳታ ጎን ያስቀምጣል። ውስጡ ንጹሕ የሲስተም ሠንጠረዦች አሉ። በስማቸው ዲቢ የሚሉትን ሦስት ፋይሎች ከዚያ አምጥተን በተበላሹት እንተካቸዋለን።

ቡና_እና_ኮድ (ሰኞ፣ ማታ 4፡44)

አረንጓዴ ሆነ!!!

ተነሳ! ፒኤችፒ ማይአድሚን ተከፈተ። የአባላት ሠንጠረዥ 312 ይላል። እናቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። «እልል» ልትል ስትል ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን ያዝኩ። መጨረሻ ላይ የጻፍነው ሰው እንኳ አለ። የጠፋው ሴቭ ሳልለው መብራት የሄደበት አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ሰርቨር_ጠባቂ (ሰኞ፣ ማታ 4፡50)

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። እናትሽንም ሰላም በዪልኝ።

ከመተኛትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ፒኤችፒ ማይአድሚን ላይ የእድሩን ዳታቤዝ መርጠሽ «ኤክስፖርት» ተጫኚ፤ ፋይሉን ፍላሹ ላይ አስቀምጪው። ዛሬ የተነሳ ሰርቨር ነገ ስለመነሳቱ ዋስትና የለኝም። ነገ ደግሞ ዛምፕን ነቅሎ አዲስ መጫንና ይህንን ፋይል ማስገባት ከሁሉም የበለጠ ንጹሕ ነው።

ቡና_እና_ኮድ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡15)

ተመልሻለሁ። እንዳሉኝ ኤክስፖርት አድርጌ ያን ቀን ተኛሁ። ትናንት ደግሞ ነገሩን በየቀኑ ራሱ እንዲያደርገው ፈለግኩና ማይኤስኪውኤልደምፕ የሚባለውን (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጥ ትእዛዝ) ተማርኩ። ፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫ) ከፍቼ ትእዛዙን ጻፍኩ፤ በይበልጣል ምልክት (>) ወደ ፋይል አስገባሁት። ምንም ስህተት አላለም። ፋይሉን ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ላስገባው ስል ግን «ዜሮ ባይት መግለጫው ውስጥ ታየ፣ አይፈቀድም» የሚል ስህተት ሰጠኝ። በኖትፓድ ከፍቼ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበትን ስልት) ዩቲኤፍ-8 አድርጌ ሴቭ አደረግኩት። አሁን ገባ፤ ግን ስሞቹ በሙሉ እንግዳ ምልክት ሆኑ። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም።

ዋናው ኮምፒዩተር ላይ ስሞቹ ደህና ናቸው። የጠፋ ነገር የለም። ግን ምን አጠፋሁ?

ከዋሽንግተን_ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡30)

እህቴ፣ ይሄ በእኔ ላይ ደርሶ ሁለት ቀን አስለቅሶኛል። እዚህ ላለው የቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ቤት የልጆች ዝርዝር ነበር። ወደ አዲስ አበባ ልኬው ነበር፤ አንድም ስም አልተነበበም።

ጥፋቱ የትእዛዙ አይደለም፤ የይበልጣል ምልክቱ ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 በዚያ ምልክት ወደ ፋይል ስታስገቢ ጽሑፉን እንዳለ አያስተላልፈውም። መጀመሪያ ራሱ ለማንበብ ይሞክራል። የሚያነበው በኮንሶሉ አሮጌ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የግእዝ ፊደል የለም። ከዚያ በዩቲኤፍ-16 አድርጎ ይጽፈዋል። ፋይሉ በእጥፍ የሚተልቀውም፣ ዜሮ ባይት የሚለው ስህተት የሚመጣውም በዚህ ነው። አንቺ በኖትፓድ ያስተካከልሽው ሁለተኛውን ችግር ብቻ ነው። የመጀመሪያው አስቀድሞ ፊደሉን አበላሽቶታል።

ስለዚህ የይበልጣል ምልክቱን ተዪው። ማይኤስኪውኤልደምፕ ራሱ ፋይል እንዲጽፍ የሚያደርግ አማራጭ አለው። ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ ሪዛልት፣ ሰረዝ፣ ፋይል፣ እኩል ይሆናል፣ የፋይሉ ስም። በዚህ መንገድ ፓወርሼል ጽሑፉን አይነካውም። አጠገቡ ደግሞ ሁለት ሰረዝ፣ ዲፎልት፣ ሰረዝ፣ ካራክተር፣ ሰረዝ፣ ሴት፣ እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጨምሪ። ቃላቱን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኩልሽ፤ አንቺ በእንግሊዝኛ ጻፊያቸው። አሮጌውን ጥቁር ሲኤምዲ ከተጠቀምሽ ግን የይበልጣል ምልክቱም ችግር የለውም።

አንድ ሌላ ነገርም ተመልከቺ። ስሞቹ እንግዳ ምልክት ሳይሆን ተደርድሮ የጥያቄ ምልክት ሆነው ከመጡ በሽታው ሌላ ነው። ያኔ ወይ ሠንጠረዡ ላቲን1 ሆኖ ተፈጥሯል፣ ወይ ፒኤችፒው ሲገናኝ ካራክተር ሴቱን አልተናገረም። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ወደ ላቲን1 ሠንጠረዥ የገባና ጥያቄ ምልክት የሆነ ስም ዳታቤዙ ውስጥም የተቀመጠው እንዲሁ ሆኖ ነው። በኋላ ብታስተካክዪውም አይመለስም። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ላቲን1 ለአንድ ፊደል ያለው ቦታ አንድ ባይት ነው። የት ያስቀምጠው?

ቡና_እና_ኮድ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡05)

ሠራ! የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ስም በአማርኛ መጣ። በጣም አመሰግናለሁ። ከባሕር ማዶ ሆነሽ ጊዜ ሰጥተሽ ስለጻፍሽልኝ አምላክ ያክብርልኝ። ሴት ነሽ ብዬ ገመትኩ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

ከዋሽንግተን_ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡09)

አልተሳሳትሽም እህቴ። በርቺ።

የቁጥር_ሰው (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡20)

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔም የእድር መዝገብ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ያልተነሱ ሁለት ነገሮችን ላንሳ።

የመጀመሪያው ቀን ነው። የመዋጮውን ቀን በእኛ አቆጣጠር «ዴት» በሚለው የአምድ ዓይነት ውስጥ እያስገባሽ ከሆነ አቁሚ። ዴት የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው ብለሽ ጥቅምት 30ን ብትሰጪው፣ ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብትዪው ጭራሽ አያውቃትም። ሰርቨሩ ጥብቅ ሆኖ ከተዘጋጀ ይከለክልሻል። ካልተዘጋጀ ግን ይብሳል፤ ቀኑን በዜሮ ሞልቶ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይመዘግባል፤ ገጽሽ ላይ ምንም አይታይሽም። በእኔ መዝገብ ውስጥ የዜሮ ቀን ያላቸው መዋጮዎች ያገኘሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። ከደረሰኝ ጋር አንድ በአንድ አስታረቅኳቸው።

መፍትሔው በፈረንጁ ቀን ማስቀመጥና ስታሳዪ መቀየር ነው። ፒኤችፒ ውስጥ ኢንተል የሚባል ኤክስቴንሽን አለ። ዛምፕ ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ፒኤችፒ አይኒ ፋይል ውስጥ «ኤክስቴንሽን እኩል ይሆናል ኢንተል» ከሚለው ፊት ያለውን ሴሚኮለን አንሺና አፓቺን ሪስታርት አድርጊው። ከዚያ ኢትዮፒክ የሚባለውን ካላንደር ያውቃል፤ ወሩን በአማርኛ ስሙ ይጽፍልሻል። ጳጉሜንንም ጭምር።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። እናትሽ ኃይሌን በ«ኃ» ጻፊ ብላሽ ይሆናል። ነገ ጸሐፊው በ«ሀ» ይፈልገዋል፤ አያገኘውም። ለኮምፒዩተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ከስሙ አምድ ጎን ሌላ የፍለጋ አምድ ጨምሪ። ስሙ ሲገባ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ዓይነት ቀይረሽ እዚያ አስቀምጪ። ሰው ሲፈልግም የጻፈውን በዚያው መንገድ ቀይረሽ አወዳድሪ። ከሀ ጋር ሃንም አንድ አድርጊ፤ ከአ ጋር ኣን። ዋናውን ስም ግን እንዳትነኪው። ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው።

ሰርቨር_ጠባቂ (ሐሙስ፣ ከሰዓት 8፡10)

የቁጥር_ሰው፣ በጣም ትክክል። የቀኑን ነገር ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ቀደምከኝ።

እኔ የምጨምረው ስለ መብራት ነው። ማይኤስኪውኤልን ሳታቆሚ ኮምፒዩተሩን አትዝጊ። ኮንትሮል ፓነሉ ላይ ስቶፕ በዪው፣ ጽሑፉ እስኪያልቅ ጠብቂ፣ ከዚያ ዝጊ። መብራት በድንገት ሲሄድ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የቻልሽ ቀን ትንሽ ዩፒኤስ ግዢ። አሥር ደቂቃ ከያዘልሽ ይበቃል፤ በሥርዓት ለማቆም ነው የምትፈልጊው። አሮጌ ላፕቶፕ ካለሽም ባትሪው ትንሽ እስከያዘ ድረስ ያው ዩፒኤስ ነው። ከዴስክቶፑ እሱ ይሻልሻል።

ደምፑን በታስክ ስኬጁለር በየቀኑ ማታ እንዲሠራ አድርጊው። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጨምሪበት፤ አለበለዚያ የተበላሸው በደህናው ላይ ይጻፍበታል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ አስገብተሽ 312ቱን ቁጠሪ። ረቡዕ ዕለት ያየሽው ይህንኑ ነው፤ ፋይሉ ነበር፣ ስሞቹ ግን አልነበሩም።

አዲስ_ጀማሪ (ሐሙስ፣ ማታ 1፡00)

የእኔም ተፈታ። አይአይኤስ ነበር፤ ራሴ አብርቼው የረሳሁት። ስቶፕ ስለው አፓቺ ወዲያው ተነሳ። ፒያሳ_ኮደር አመሰግናለሁ።

ቡና_እና_ኮድ (እሑድ፣ ማታ 1፡30)

ዛሬ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ደምፑ በየማታው 5 ሰዓት ላይ እየሠራ ነው፤ አራት ፋይል አለኝ። የቀኑን አምድ አስተካክያለሁ፤ 9 የዜሮ ቀን አግኝቻለሁ፤ ሰባቱ ጥቅምት 30 ነበሩ። ከደብተሩ አይተን ሞላናቸው።

የፍለጋውን አምድም ጨምሬያለሁ። የእድሩ ዳኛ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑምና የራሳቸውን ስም ፈልጊ አሉኝ። ስማቸው በ«ሠ» ነው የተመዘገበው፤ እኔ ሆን ብዬ በ«ሰ» ጻፍኩት። ወጣ። የባለቤታቸውና የአምስት ልጆቻቸው ስም፣ የቤት ቁጥራቸውም ከስር ተዘረዘረ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ከዚያ የቤት ቁጥሩ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው «ይሄ ተቀይሯል፣ አስተካክዪው» አሉኝ።